ሎሚ የተነበየችው ክብደት

ሎሚ ዱጋሳን ግትር ናት ይሏታል፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ወሰን ሠፈር ተከራይታ ትኖራለች፣ እዚያው ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ከክፍል ስትወጣ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር ክብደት ታሰላለች። ማንም! ፈረንጆቹ በነዚያ ግዙፍ መሣሪያዎቻቸው እንኳ ገና ያላገኙትን። ሜሶን ይሉታል፤ ኳርክ የሚሉት መሠረታዊ የቁስ አካል ከተቃራኒው ከጸረ ኳርክ ጋር ሲጣመር የሚፈጠር ከአቶም እጅግ ያነሰ ቅንጣት ነው። የሎሚ ሜሶን የሁለት ከባድ ኳርኮች ጥምር ሲሆን፣ አንዱን «ቻርም» ሌላውን «ቢዩቲ» ብለው ሰይመውታል። ምን ቸገራቸው!

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ስም ነው። በ1979 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ሥራዎች በአማርኛ ይቅረቡ ተባለ። እሷ ሆዬ መዝገበ ቃላት ገልጣ የመጀመሪያውን ፍቺ ወሰደችና ትልቅ ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ጻፈች፦ «ድግምትና ውበት ሲጣመሩ ስንት ይመዝናሉ? የሎሚ ትንበያ»። ቀለሙ እንዲደርቅ አልጋዋ ላይ ዘርግታው ሳለ እትዬ ወርቅአየሁ ስለ ሰርጓ ሊነጋገሩ ከች አሉ። አነበቡት። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

እትዬ ወርቅአየሁ ሎሚና እጮኛዋ ሲሞን ከሚያመልኩበት ኅብረት ሽማግሌዎች አንዷ ናቸው። ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ካሸገባቸው ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ይሰበሰባሉ፤ ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሽርሽር የሚሄዱ መስለው እንጦጦ ጫካ ይወጣሉ። ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ መጋባት ይቻል ነበር። ለሎሚ ግን ሽማግሌዎቹ ያልባረኩት ትዳር ትዳር አይደለም።

ሽማግሌዎቹ በካርቶኑ ጉዳይ ሎሚንና ሲሞንን አስጠርተው ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ቁጭ አሉ። የኅብረቱ መሪ ጋሼ ሀብተወልድ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«እህት ሎሚ፣ ድግምት ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ሲሞን ቆነጠጣት።

«ጋሼ፣ ስም ብቻ ነው። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ። ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ።»

ሁሉም እፎይ አሉ። ጋሼ ግን አልጨረሱም።

«ትንበያውስ? ማንም ያላየውን ነገር ክብደቱ ይህን ያህል ነው የሚል ሰው ወይ ነቢይ ነው ወይ ጠንቋይ። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«የትኛዋም አይደለሁም። የቻርም ጥንድ ተገኝቶ ተመዝኗል፣ የቢዩቲም እንደዚሁ። የኔው የሁለቱ ቅልቅል ስለሆነ ክብደቱ መሃል አካባቢ ይወድቃል። ግን ልክ መሃል ላይ አይደለም! ጥንዶቹ በከበዱ ቁጥር ይጠብቃሉ፣ በጠበቁ ቁጥር ከክብደታቸው ይጎድላል። ቅልቅሉ ግን የሁለቱን አማካይ ያህል አይጠብቅም፤ ስለዚህ ከመሃሉ ከፍ ይላል። በእኛ መለኪያ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ።»

ጋሼ ሀብተወልድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ቁጥሩን አውጪውና ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ብለሽ ጻፊበት። ሰርጋችሁን ዛሬውኑ እንባርካለን።»

«ተይው በቃ፣ ሎሚዬ» አላት ሲሞን በሹክሹክታ።

ይቺ አሳረረቻት። ጋሼ ቢሏት ምንም አልነበረ፤ ሲሞን! እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። ደግሞ እኮ ትወደዋለች፤ ቬሎዋም ተሰፍቶ ተሰቅሏል።

«አልተወውም» አለች። «እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ እሱን መች አጣሁት? ቁጥሩን የጻፍኩት ግን እንድያዝበት ነው። አንድ ቀን ተገኝቶ ሌላ ክብደት ቢኖረው፣ ‹ሎሚ ተሳስታለች› ትላላችሁ። ከሁላችሁም ቀድሜ የምለው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ካወጣሁት በምን ትይዙኛላችሁ? ጠንቋይ እንዲህ ብሎ ያውቃል?»

የመለሱላት እዚያ ያስጠሯት እትዬ ወርቅአየሁ ራሳቸው ነበሩ።

«እዚሁ ጫካ ውስጥ ‹ደርግ በመስከረም ይወድቃል፣ እስረኞች ይፈታሉ› የሚል ትንቢት ሰምቻለሁ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያፍተለተሉ። «የልጄን ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ ጠበቅኩት። መስከረም መጣ፣ መስከረም ሄደ። ልብሱ እስከዛሬ እንደተጣጠፈ ነው። ‹ተሳስቻለሁ› ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ትንቢቱን ማን እንደተናገረ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ። ሲሞን የሎሚን እጅ ፈልጎ ያዘ፤ አልነጠቀችውም።

ጋሼ ሀብተወልድ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወርቅአየሁ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቻለሁ።»

ከዚያ ወደ ሎሚ ዞሩ። «ቁጥሩ ይቀመጥ። ሰርጉን መቼ ነው ያላችሁት?»