ባለቁልፏ የጠረጠረቻቸው ሰዎች

ብርጭቆዎቹ ተገላብጠው ነበር። እሷ ውሃቸው እንዲንጠፈጠፍ ሁልጊዜ አፋቸውን ደፍታ ነው የምትተዋቸው፤ ያን እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ኩሽና ከፍታ ስትገባ ግን አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ተደርድረው ጠበቋት። የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አነሣችው። አጣጠፉ የሷ አይደለም። ቁልፍ ያለው እሷና መጋቢው ጋ ብቻ ነው፤ መጋቢው ደግሞ እንኳን ጨርቅ ሊያጥፍ የኮቱን ቁልፍ በትክክለኛው ቀዳዳ አስገብቶ አያውቅም።

«ሰው ገብቷል» አለች ለራሷ።

ሰው ሁሉ «ባለቁልፏ» ነው የሚላት። ሳምንቱን ሙሉ የሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ትውላለች። እሑድ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ አዳራሹን ከፍታ ወንበር ትደረድራለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ሰው ሲበተን አጥባና ጠርጋ ትቆልፋለች። በመሀል የታመመ መጠየቅ አለ፣ ያዘነ ማጽናናት አለ። ስብከቱን የምትሰማው በኩሽናው ግድግዳ በኩል ነው፤ «አሜን» ሲባል ሻዩን መቅዳት ትጀምራለች እንጂ ስለምን አሜን እንደተባለ ልብ ካለች ስንት ጊዜዋ! ለምን አትቀመጪም ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ቁጭ ካልኩማ ማን ይሠራዋል?»

ከዚያ እሑድ ወዲህ ዓይኗ ሥራ አገኘ። በር ላይ ተሰብስበው የሚያወሩት ሴቶች እሷ ስትደርስ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ።

«ምንድን ነው?»

«ኧረ ምንም፣ ዝም ብለን ነው።»

ዝም ብለው እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። ከሁሉ ደግሞ የባሏ እህት፣ ያቺ አስተማሪ፣ ወደነሱ ጉባኤ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላት፣ ፈገግታዋ በዝቶባታል። ይባስ ብሎ መጋቢው ጠርቶ፣ «እህቴ፣ ለምን ትንሽ አረፍ አትዪም? ሌሎቹም እኮ ይችላሉ» አላት። «ሌሎቹ» የሚለውን ቃል ይዛ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። አሃ! ለካ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሊያነሷት ነው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጫማውን እያወለቀ ሰማት።

«እህትህ ወንበሬን ልትቀማኝ ነው።»

«የትኛውን ወንበር? አንቺ መቼ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን ዓይኗን ሳያይ ነው የተናገረው። እሷም ይህን መዝግባ ያዘች። አሁን ባሏንም ማየት ጀመረች። ሐሙስ ሐሙስ ራት አይበላም፤ «ሥራ ቦታ ቀማምሻለሁ» ይላል። መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ዱሮ እንኳን መዝሙር ፉጨትም አይወድ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ሸሚዙን ራሱ ሲተኩስ አገኘችው። ኮሌታው እንደተጨማደደ ቢቀርም ወንድዬው ሲተኩስ በትዳራቸው አይታ አታውቅም። ደሟ ፈላ። ሴት አለች ማለት ነው? በዚህ ዕድሜ?

በሚቀጥለው ሐሙስ አለቃዋን አስፈቅዳ ቀደም ብላ ወጣች። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ ባሏ ከሚሠራበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ጥግ ቆመች። ባሏ ወጣ፤ ዳቦ ቤት ገባ፤ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ መንገዱን ተያያዘው። «ለማን ነው ዳቦው?» እያለች ራቅ ብላ ተከተለችው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅያስ ታጠፈ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። የባሏ እህት እጅ ወጥቶ ዳቦውን ተቀበለ።

በጓሮ ዞራ የኩሽናውን በር ቀስ ብላ ከፈተች፤ ሻይ በምታቀብልበት መስኮት በኩል አጮለቀች። ጥቂት ሰዎች ለጸሎት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ወንበሮቹ እንደነገሩ ተዘበራርቀዋል፤ ሻዩ በሷ ብርጭቆ ተቀድቷል። የሚናገረው ባሏ ነበር።

«እኔ ጸሎት ብዙም አልችልበትም» አለ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ። «ግን ሚስቴን ቁጭ ያርግልኝ። ስትመጣ ደክማ፣ ስትሄድ ቸኩላ ነው። አንድ ቤት እየኖርን ናፈቀችኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን አንጀቷ ይንሰፈሰፍ ነበር። እሷ ግን ነደደች። ገመናዋ አደባባይ ወጣ! የአዳራሹን በር በርግዳ ገባች።

«ቁልፉን ማን ሰጣችሁ?»

ክቡ ደነገጠ። የባሏ እህት ተነሣች። «መጋቢውን አስፈቅጄ እኔ ነኝ ያስቀረጽኩት፣ እትዬ።»

«ለምን ከኔ ተደበቃችሁ?»

የባሏ እህት ወደ ክቡ ዘወር አለች። ልብስ ሰፊዋ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ጸጥተኛ ሴት፣ ቀና አለች።

«አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ። ባሌ የሞተ ሰሞን ላወራሽ ኩሽና መጥቼ ነበር። ገና መናገር ስጀምር 'አይዞሽ፣ አይዞሽ' እያልሽ ብርጭቆውን ከእጄ ወስደሽ አጠብሽው። ሻዩን ገና አልጠጣሁትም ነበር።»

ባለቁልፏ ለማስታወስ ሞከረች። ትዝ አላላትም። ያሳፈራትም እሱ ነው፤ ጭራሽ ትዝ አለማለቱ።

«ለናንተ ስል ነው ወገቤ የተቆረጠው!» ብላ ወጣች።

ባሏ ዳቦውንም ሰዉንም ትቶ ሮጦ ደረሰባት። አብረው ጥቂት ሄዱ። ከዚያ እሷ ቆም አለች።

«እግዜርም ቢሆን የሚያውቀኝ በሥራዬ ነው። ቁጭ ብል ማን ብሎ ይጠራኛል?»

ሾፌሩ ግራ ገባው። «እኔ እንጃ» አለ። «በስምሽ ይሆናላ።»

እሑድ ጠዋት ቁልፉን ለባሏ እህት ወረወረችላት፤ «እንኪ፣ ደስ ይበልሽ!» አለቻት። ይቅርታ አልነበረም፤ ሲቸገሩ ለማየት ነው። መሀል ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትቆጣጠር አረፈደች። ወንበሩ ጠማማ ነው። ኩሽና ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። ማንም ግን አልሞተም፤ ማንም ስሟን ጠርቶ ድረሽልን አላለም፤ ይህ ከምንም በላይ ቆጫት። ልብስ ሰፊዋ መጥታ አጠገቧ ስትቀመጥ፣ «ልትታዘበኝ ነው» ብላ ጠረጠረች። መጋቢው መስበክ ጀመረ። ያለ ግድግዳ ድምፁ ለስላሳ መሆኑን አሁን ገና አወቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም።

ስትነቃ ጭንቅላቷ ልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ነው፤ ሰው ሻይ እየጠጣ ነው።

«ወይኔ ጉዴ! አንኮራፋሁ እንዴ?»

«ዘማሪዎቹን ትንሽ አስቸገርሻቸው እንጂ ሌላስ ደህና ነሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ትከሻዋን ለማፍታታት እያንቀሳቀሰች።

ባለቁልፏ ተነሥታ ወደ ኩሽና ልትሄድ እግሯን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት ጉልበቷ ላይ ጫነቻቸው።

«ያን ቀን ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ በጥርጣሬ አየቻት። አሁን የመጠርጠሩ ተራ የሷ ነበር። ከዚያ ነገረቻት፤ ባሏ ሊሞት ሲል ስለተጣሉበት ነገር፣ ሳይታረቁ ስለመለያየታቸው። ባለቁልፏ «አይዞሽ» አላለችም። ጨርሳ ሰማቻት።

ሌላ ሰው ሆነች ማለት አይደለም። አሁንም ፈረቃ ይዛ ኩሽና ትገባለች፤ ተራዋ ባልሆነበት እሑድም የሻዩን ቅጥነት ከሩቅ ትመረምራለች። ሐሙስ ከባሏ ጋር ትሄዳለች። ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው ከሳቁ ስለሷ ይመስላታል፤ አንዳንዴም ልክ ነች። ስትጸልይ አስቀድማ ለአምላኳ የምትነግረው ሳምንቱን ምን ምን እንደሠራች ነው። ያ ሲያልቅባት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ግን ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ መጥቷል።