በገባሁበት ዱካ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መጀመሪያ ጫማዬን ይቅር በሉልኝ። ከሰፈራችን ከጎዳይፍ እስከዚህ ድረስ በአቋራጭ፣ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሌሊት የዘነበበት ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፤ እህቶች ትላንት የወለወላችሁትን ወለል አበላሸሁባችሁ። ግን ሆን ብዬ አልጠረግኩትም። ልመሰክር የተነሣሁት ስለዚህ ጭቃ ነው። ክብር ለጌታ ይሁን!

እኔ አዲስ አበባ አድጌ፣ ከነጻነት በኋላ ከእናቴ ጋር ወደ አስመራ የገባሁ፣ እዚህ እንደሚሉን "አምቼ" ነኝ። ትግርኛዬ እስከ ዛሬ ያስቃል። ሙያዬ የመንገድ ቅየሳ ነው። በዚህ በጎረምሳ ዕድሜዬ ማኪና ከነሾፌሩ ሲሰጠኝ መሬት አልበቃኝ አለ። ምጽዋ ወርጄ ፀሐይ አፍንጫዬን ልጦት ተመለስኩ። ከረን ሄጄ የማኪናው በር አውራ ጣቴን ቀረጠፈው። ቃኘው አጠገብ ከብስክሌት ወድቄ ክርኔ ተገሸለጠ። እናቴ "ልጄ፣ ቀስ በል" ስትለኝ እስቃለሁ። ጸሎት የእሷ ሥራ ነበር፤ እኔ ዲፕሎማ አለኛ!

አብራኝ የምትሠራ ለተብርሃን የምትባል እህት አለች፤ ድሮ ታጋይ የነበረች። ስንለካ ዘንጉን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ያቻት፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ። አትደበቂ እንጂ ለተ፣ ገና ስምሽን ጠራሁ!

ሥራችን እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንለካ ውለን፣ ማታ ያቆምንበት ላይ ድንጋይ ኖራ ቀብተን እንተዋለን፤ በማግስቱ ከነጩ ድንጋይ እንቀጥላለን። ከደቀመሓረ ወዲያ አንድ ሜዳ ላይ ስንሠራ ለተብርሃን መጣችና፣ "የመንደሩ ሰዎች ፈንጂ ያለበትን ቦታ ከብት እንዳይገባበት ድንጋይ ኖራ ቀብተው ከበውታል። የኛም ነጭ፣ የነሱም ነጭ። ቀይ ቀለም እናስመጣ" አለችኝ።

"የገዛ ድንጋዬን አላውቅም እንዴ?" አልኳት። ትዕቢት ጥፋትን ይቀድማል የሚለውን ቃል ያኔ አላነበብኩትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌሎቹ ሻሂ ሲጠጡ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ነጭ ድንጋይ አየሁ። "ትላንት ያቆምንበት ይኸው" ብዬ አለፍኩት። አርባ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ እግሬ ወለም አለና በግንባሬ ተደፋሁ። ቀና ስል፣ ወገኖቼ፣ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ዝናብ አፈሩን ያጠበለት ክብ ብረት አለ። ዝጓል። ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

"አትንቀሳቀስ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ለተብርሃን ናት።

እንዴት ልንቀሳቀስ! ጉንዳን አንገቴ ላይ ሲወጣ አላራገፍኩትም። መተንፈስ ፈራሁ። የልቤ ምት ብረቱን የሚያነቃው መሰለኝ። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ፤ ይኸው በጉባኤ ፊት ተናገርኩት፣ ጌታ ይክበር! ያን ጊዜ ዲፕሎማው ትዝ አላለኝም። "የእናቴ አምላክ፣ የእናቴ አምላክ" ብቻ ነበር የምለው፤ የእኔ የምለው አልነበረኝማ።

ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። እየመጣች ነው! "ተመለሺ!" ብዬ ጮኽኩ። እሷ አንገቷን ደፍታ ዱካዬን እየፈለገች፣ እኔ በረገጥኩበት ላይ ብቻ እየረገጠች መጣች። "ኣጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ" አለችኝ። "በገባህበት ዱካ ነው የምንወጣው። አርባ ጊዜ ረግጠህ አርባ ጊዜ ያተረፈህ አለ።" ከዚያ አዘለችኝ። አዎ፣ እኔን ጎረምሳውን፣ ያቺ ቀጭን ሴት! እያንዳንዷን እርምጃ ጆሮዋ ሥር ሆኜ ቆጠርኩ። ሃሌ ሉያ!

እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላችኋል? ፍርሃቱ ገና መጀመሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ፋሻውን ፈታና እግሬን አገላብጦ አይቶ፣ "እግርህ ድኗል። ያልዳነው ሌላ ነው፤ ለሱ ፋሻ የለኝም" አለኝ። እውነቱን ነው። አስፋልት ላይ እሄዳለሁ፤ አፈር ላይ ግን እግሬ አልነሣ ይለኛል። ቤታችን ከፌርማታው መቶ እርምጃ ገባ ይላል፣ መንገዱ አፈር ነው። በአጥር ጥግ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ነበር የምገባው። ጎረቤት "የዚህ አምቼ ጫማ እንዴት ያበራል፣ ሽቅርቅር!" ይለኛል። እስቅላቸዋለሁ፣ በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ። እናቴ የምትኖረው በእኔ ደሞዝ ነው፤ ሓላፊዬ ደግሞ "መሬት የማይረግጥ ቀያሽ ምን ያደርግልኛል? እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ መስክ ትወጣለህ፣ ወይ ሌላ እቀጥራለሁ" ብሎኛል።

በመጨረሻ ለተብርሃንን ቢሮ ውስጥ ጠየቅኳት። "አንቺ አትፈሪም?"

"እንዴ፣ እፈራለሁ እንጂ! ያን ቀንም እየፈራሁ ነው የገባሁት።"

"ታዲያ ለምን ገባሽ?"

"ለኔም የገባልኝ አለ" አለች። "እኔ በገዛ እጄ የሞት ቦታ ገብቼ ሳለሁ ኢየሱስ አይቶኝ ውጭ አልቆመም። እኔ በሕይወት ወጣሁ፣ እሱ ግን እዚያው ሞተልኝ። ከሞትም ተነሣ።"

ለእሑድ እዚህ ገዛ ባንዳ፣ ወደዚህ ጸሎት ቤታችን ጋበዘችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት እምነት ኖሮኝ አይደለም፤ በትልቁ መንገድ ከዞርኩ እስከ በራችሁ አስፋልት ስለሆነ ነው! ግን ያን ቀን እዚያ ጥግ ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ የእናቴ አምላክ ብቻ አትሁን፣ የእኔም ሁን። በትዕቢቴ የገባሁበት ድረስ ናና አውጣኝ" አልኩት። መጣ! አወጣኝ! ስሙ ይባረክ!

ፍርሃቱ እንደ ኮት ወልቆ አልወደቀም፤ ውሸት አልመሰክርም። በቤታችን በር ፊት አፈሩን አንድ እርምጃ ረገጥኩ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ተመለስኩ። በማግስቱ ሦስት። እናቴ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ትቆጥርልኛለች። ዛሬ ጠዋት ግን ፌርማታውን ተውኩና በሜዳው፣ በአፈሩ፣ በጭቃው መሃል መጣሁ። ልቤ እስኪፈነዳ እየመታ፣ "አንተ ቀድመሃል፣ አንተ ቀድመሃል" እያልኩ መጣሁ።

ነገ ወደዚያው ሜዳ እንመለሳለን። ፈንጂ አምካኞቹ ቀድመውን ገብተው አጽድተውታል፤ ቀይ ቀለምም ይዘናል፣ ለተ ራሷ ናት ማኪናው ላይ የጫነችው። እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በገዛ እጅህ የገባህበት፣ ንቅነቅ ማለት ያቃተሽ ቦታ ካለ፣ እሱ ውጭ ቆሞ የሚጮኽ አምላክ አይደለም። ገብቶ ያወጣል፤ ታመኑት። የቐንየለይ ለተብርሃን፣ አመሰግንሻለሁ፤ ከሁሉ በላይ ለጌታ ምስጋና ይሁን። ወለሉን ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ፤ ዛሬ የምጠርገው እኔ ነኝ።