ጤናዬና የሚስስ ዊልማ ኩዊልት

ጤናዬ ቆሻሻ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ኦሮራ ከተማ ያለው አፓርታማዋ እንደ መስታወት ያበራል፤ ፓርክ ሂል ሰፈር እየሄደች የምትረዳቸው የሚስስ ዊልማ ቤትም በእሷ እጅ ከገባ ወዲህ እንዲሁ። ያልነካችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሮጊቷ ከእናታቸው የወረሱት፣ በሁለት ጨርቅ መሀል ጥጥ የተሞላ የአልጋ ልብስ፣ ኩዊልት። መልኩ ጠፍቷል። አንድ ቀን ሚስስ ዊልማ ሐኪም ጋ ሲሄዱ፣ ጤናዬ ማንንም ሳትጠይቅ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው።

ሲወጣ ጥጡ እዚህም እዚያም ጓጉሎ ድንች የተሞላ ጆንያ መስሏል። ክው አለች። የሚታጠፈውን ስልኳን ከፍታ ጓደኛዋ ፀዳል ጋ ደወለች።

«ፀዳልዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ኩዊልታቸውን ዋሽ አድርጌ አበላሸሁት።»

«ማን ንኪ አለሽ? የቀጠረሽ ኤጀንሲ ጋ ከደወሉ እኮ ከሥራ ፋየር ነው የሚያደርጉሽ!»

ሚስስ ዊልማ ሲመለሱ እውነቱን ነገረቻቸው። ኩዊልቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ጤናዬ ሸዋ ሮቢት ሳለች የእናቷን ጥጥ የምትነድፈው እሷ ነበረች። አስፈቅዳ የኩዊልቱን አንድ ጠርዝ ተረተረች፤ ጥጡንም ጓሮ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ሲደርቅ ለምለም ቅርንጫፍ አጉብጣ፣ ሲባጎ ወጥራበት፣ በዚያ ደጋን ትነድፍ ጀመር። ጥጡ ቀስ በቀስ ተፍታታ።

ሚስስ ዊልማ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ ወደ ጓሮ ወጡ።

«እኛ ይሄን የኩዊልት ጥጥ ‹ባቲንግ› ነው የምንለው» አሉ። «እናቴ በዱላ ነበር የምትመታው። ስሙም ከመምታቱ የመጣ ነው ትለን ነበር። ቤዝቦል ላይ ኳስ መምታትም ‹ባቲንግ› ነው፤ ወንድሞቼ ዱላዋን እየሰረቁ ኳስ ይመቱበት ነበር።»

ሳቅ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ተመልሰው ገቡ። ጤናዬ ምን እንዳሰቡ ማወቅ አቃታት።

በማግስቱ ሰፍታ ጨረሰችና አልጋው ላይ ዘረጋችው። እንደ ድሮው አልሆነም፤ አንዱ ጥግ ሳስቷል። አሮጊቷ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ስልክ አነሱና ኤጀንሲው ጋ ደወሉ። ጤናዬ ቦርሳዋን አነሳች።

«ስለ ጤናዬ ነበር» አሉ ሚስስ ዊልማ። «አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳትልኩብኝ። ለማጠብ ፈርቼ ለዓመታት ያስቀመጥኳቸው ሌሎች ሁለት ኩዊልቶች አሉኝ።»