በቁሙ የተለቀሰለት ወንድሜ

እናቴና እኔ የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንድሜ ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ ዶርም ነው የሚያድረው፤ እሁድ እሁድ ብቻ ብቅ ይላል። ያን ሰሞን የእሁዱንም መምጣት ማሳነስ ጀመረ። ሲመጣም ምግቡን ሳይነካ ግድግዳ ሲያይ ይቆይና «ደከመኝ» ብሎ ይሄዳል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በቀበቶ ነበር የያዘው። እናቴን «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ስላት «ፈተና ነው፣ አትጨቅጭቂኝ» ትለኛለች። መጨቅጨቅስ አውቅበታለሁ፤ እሷን ግን ማን ይችላታል።

ኮሌጁ የተማሪዎች ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። አንዲት አማካሪና ጥቂት በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ዶርም ለዶርም እየዞሩ እንቅልፍ ያጣውን፣ ክፍል መግባት ያቆመውን ያነጋግራሉ። ወንድሜን ያገኙት እነሱ ናቸው። ለኛ ያልነገረንን ለነሱ ነገራቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደማይተኛ፣ መኖር እንዳስጠላው። አማካሪዋ ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሙም ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጦ ቤቱ ይሁን፣ ሰው ከጎኑ አይለየው፣ ሕክምናውን ይከታተል አለ። ለዚህ ደግሞ እናቴ አውቃ እሺ ማለት ነበረባት። ወንድሜ በራሱ አፍ ሊነግራት አልቻለም። «እናንተ ንገሩልኝ» አላቸው።

እናቴ ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ሰርቪሱ በማለዳ ይወስዳታል። ጠዋት ካልያዛችኋት አታገኟትም ያላቸው ራሱ ወንድሜ ነው። ስለዚህ አማካሪዋና አንድ በጎ ፈቃደኛ ከሱ ጋር በማለዳ መጡ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ እግሩ አልሄድ አለው። ብሎኩን በእጁ አሳያቸውና «ከሱቁ ውሃ ገዝቼ እመጣለሁ» ብሎ ቀረ።

የኛ ብሎኮች ደግሞ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ግራ ገብቷቸው ሲዞሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን የእድራችንን ዳኛ አገኙና የእናቴን ቤት ጠየቋቸው። ከልጃቸው ኮሌጅ ነው የመጣነው አሏቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ገና ሳይነጋጋ፣ ከኮሌጅ የመጡ የማይታወቁ ሰዎች፣ ፊታቸው የከበደ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። ዳኛው ምንም አልጠየቁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደጅ ላይ ቆሞ አይጠየቅማ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ፊት ፊት ወጡ። በየፎቁ በር ገርበብ አድርገው ያዩ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተከተሉ። አማካሪዋ ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ አራተኛ ፎቅ መውጣት ትንፋሽ ያሳጣል።

በሩን የከፈተችው እናቴ ናት፤ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ዳኛውን አየች፣ የኮሌጅ ባጅ ያንጠለጠሉትን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ዳኛው «በርቺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። «ከስተህ አይቼ ዝም ያልኩህ ልጄ፣ ዓይንህ ሲጎደጉድ አይቼ ፈተና ነው ያልኩብህ፣ ምን ሆንክ ብዬ መጠየቅ የፈራሁ» ትላለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። አማካሪዋ «ኧረ አልሞተም፣ ደህና ነው» እያለች ጉሮሮዋ እስኪነቃ ብትጮህ ማን ሰምቷት።

ወንድሜ የገዛውን ውሃ እንደያዘ ደረጃው ላይ ታየ። ምን ያህል እንደሰማ ከፊቱ ያስታውቃል። ሁሉንም ሰምቷል።

ከዚያ በኋላማ ለቅሶው እልልታ ሆነ። እናቴ አንገቱን ሳመችው፣ ትከሻውን በጥፊ መታችው፣ ደግማ ሳመችው። ሰርቪሷ አምልጧታል፤ ማን ግድ ብሎት። ዳኛው አፍረው «ድንኳን ላስወጣ ነበር እኮ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወንድሜም ሳቀ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ።

አማካሪዋ ሰዉ ወጣ ወጣ እስኪል ጠብቃ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። «እማማ፣ የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው። ልጅዎ ታሟል» አለቻት።

«ይኸው ቆሞ የለም እንዴ? ከሞት የተመለሰ ልጅ ደግሞ ምን ይታመማል» አለች እናቴ፣ ዳቦ እየጨመረችላት።

«አይተኛም። መኖር አስጠልቶኛል ብሎናል።»

«ይሄን ቃል እዚህ ቤት አታንሱብኝ። ዛሬ ለቅሶ በቅቶኛል።»

እኔ አልቻልኩም። «እማ፣ አሁን መሬት ላይ ሆነሽ ምን ስትይ ነበር? ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል አላልሽም?» አልኳት። «ዝም በይ አንቺ፣ ሟርተኛ» አለችኝ። ጠላኋት በዚያች ሰዓት። ደግሞም አሳዘነችኝ፤ ሻዩን ስትቀዳ ዓይኗን ከሱ ላይ አትነቅልም ነበር።

አማካሪዋ ወደ ወንድሜ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው። እናቴን አያት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ፊቷ ግን በደስታ በርቷል።

«ደህና ነኝ» አለ።

እናቴ «ሰማችሁ?» አለች። ፈተና ስላለበት በጊዜ እንዲመለስ ራሷ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው።

አማካሪዋና በጎ ፈቃደኛው ፊት ፊት ሲሄዱ፣ እኔ ወንድሜን ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘሁት። ቤት እንዲቀር ለመንኩት፤ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ አልኩት። ጫማውን እያየ «ለሞቴ እንደዚያ ካለቀሰች፣ ለበሽታዬ ትንሽ ቁጭ ብትልልኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ወያላው «ሳሪስ፣ ሳሪስ» ሲል ገባ።

ጥቂት ሰንበት ብላ አማካሪዋ እኔ ወደምሠራበት ሱቅ ደወለችልኝ። ወንድሜ እሷ ጋ መምጣት አቁሟል። መድኃኒቱንም ትቷል፤ ዶርሙ ድረስ ብትሄድ በር አልከፍት ብሏታል።

«ለምን ስለው ‹እናቴ ደህና ነው ብላለች› ነው የሚለኝ» አለችኝ።

ገበያተኛ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ በዚያው ሰዓት፣ ልጄን ሕያው አድርጎ አሳይቶኛል ብላ የተሳለችውን ጃንጥላ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር።