ውሃ የጠጣች ታንኳ

ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር የምመጣው በእርምጃ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከዚህ ተነስቼ እስከ ጎረቤቱ ሐይቅ እስከ አርዲቦ ድረስ ሳላርፍ ልሮጥ ነበር ሐሳቤ። ዛሬ አንዲት የደንገል ታንኳ ዛፍ ተደግፋ ቆማ፣ ውሃዋ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። የረጠበው ደንገል ሸተተኝና ልጅ ሆንኩ።

የትምህርት ቤታችን ሩጫ ሊደርስ ሲል እግሬን ወለም ብሎኝ ነበር። እያነከስኩ ዓሣ አጥማጁ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ያን ቀን ወደ ሐይቁ አልገቡም፤ ታንኳቸው ውሃ ጠጥታ ስለከበደች እንድትደርቅ ፀሐይ ላይ አቁመዋታል። ጭጋጉ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ይነሳል።

«አባባ፣ ለሩጫው እደርሳለሁ?» አልኳቸው።

መዳፋቸውን የታንኳዋ ጎን ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።

«ገና ናት» አሉ።

ያንኑ እርጥብ መዳፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፉት። ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ።

«ይቺም እግር ገና ናት። አብሽሪ ልጄ፣ አብረን እንጠብቃለን።»

አለቀስኩ፤ መጠበቅ ያኔም አይሆንልኝም ነበር። እሳቸው ግን አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ የታንኳዋን ጠብታ እያየን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ለሩጫው መድረስ አለመድረሴን ዛሬ አላስታውስም።

አሁን ሁለት ሯጮች እያወሩ በአጠገቤ አለፉ። መዳፌን ታንኳዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ትቀዘቅዛለች። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ጫንኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜም ብዙ ቆየሁ። የእኔ መዳፍ ምንም አልነገረኝም።