ግድግዳው ላይ ያለችው ጣውንት

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ጨርሶ እንደረሳት ያወቀችው አንድ ጠዋት «እርስዎ» ሲላት ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ አይቀመጡ። የባለቤቴ ቦታ ነው፤ አሁን ትመጣለች።»

የያዘችው ሾርባ እጇ ላይ ቀረ። አርባ ስድስት ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው!

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ አሸዋ የምታህል ብሎን በወረንጦ ሲያነሳ ትንፋሹን ዋጥ የሚያደርግ፣ ቀጠሮ የማያዛንፍ። እርጅና መጣና መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ በመጨረሻ እሷን አስረሳው። ያልረሳት አንዲትን ሴት ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ በፎቶ የምትስቀውን፣ የሃያ አራት ዓመቷን ወገበ ቀጭን ልብስ ሰፊ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ የኔ ዓለም?» ይላታል። እውነተኛዋ ካልሲውን ይዛ ከኋላው ትጠብቃለች።

ቅናት አንጀቷን በላው።

«የማጥበው እኔ፣ የማለብሰው እኔ፤ የምትወደደው እሷ!» አለቻት ልጇን በስልክ።

ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ፣ በራስሽ ትቀኛለሽ እንዴ?»

«እሷ እኔ አይደለችም! የሷ ጉልበት መች ደረጃ ላይ ይንቋቋል?»

አንድ ቀን ከሰዓት ፎቶውን አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ወሸቀችው። ደስታዋ እስከ እራት እንኳ አልዘለቀም። ሰውየው ባዶውን ምስማር ሲያይ ደነገጠ፤ አልጋ ሥር ጎነበሰ፣ መጋረጃ ገለጠ፣ እህል በአፌ አይዞርም አለ። በማግስቱ «ትታኝ ሄደች» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላስቻላትም፤ በገዛ እጇ መልሳ ሰቀለችው።

«ከየት አገኟት እማማ?» አለ እንባውን እየጠረገ። «እግዜር ይስጥልኝ። ደግ ሰው ነዎትና አንድ ምስጢር ልንገርዎ። ያኔ ሱቋ ስመላለስ፣ የሸሚዜን ቁልፍ የምበጥሰው ራሴ ነበርኩ። እንዳይነግሯት፤ ትስቅብኛለች።»

እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ስፌቴ አይጠብቅም ብላ ስንት ቀን ራሷን ወቅሳለች! ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ቅናቱ ቆነጠጣት፤ ለሚስቱ ዕድሜ ልኩን የደበቀውን ለማያውቃት አሮጊት ዘረገፈው!

ቢሆንም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልነግራትም» አለችው። «ሌላስ ምን ደብቀዋታል?»

ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ ያወጋታል፤ እሷም እየቀናች ታዳምጠዋለች።