ይጠብቃል ያልኩት ማሽን

ይህን ለሚስቴም፣ ለአማካሪዬም፣ በጸሎት ለፈጣሪዬም ቢሆን በትክክል ተናግሬው አላውቅም። ስናገር የኖርኩት ሌላውን ነው። የኦቾሎ ሰዎች ከዱኝ፣ መሣሪያዬን ከመሬት ነቅለው መንገድ ዳር ጣሉት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ገደል ከተቱት እያልኩ። የሰማኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጥልኝ ነበር። እኔም ሲመጠጥልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ።

አርባ ምንጭ ነው ያደግኩት፤ አባቴ ከሰሜን ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ጋሞኛ አልተማርኩም። ለምን? ሁሉም በአማርኛ ስለሚመልስልኝ ግድ አልነበረኝም። የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋን ላጠና ስነሳ፣ ንዝረት የሚመዘግብ መሣሪያ የምቀብርበት ጸጥ ያለ ቦታ ፈለግሁ። ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ኦቾሎ ላይ፣ የሸማኔው የጋሽ ጴጥሮስ ጓሮ ተመቸኝ። እሳቸው ግን አመነቱ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ጭራሽ ፊት ነሱኝ።

"ምንድነው የሚሠራ?" አሉኝ ጋሽ ጴጥሮስ።

"የመሬት መንቀጥቀጥን ይጠብቃል" አልኳቸው።

እስኪመጣ ጠብቆ ይመዘግበዋል ማለቴ ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን እንደ ዘበኛ ከመሬት መንቀጥቀጥ ይጠብቀናል የሚለውን ነው። አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት አይደለም፤ አንዲት "ከ" ጎደለች ብለው አይጠረጥሩም። ፊታቸው በራ፣ ቦታውን ሰጡኝ። እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ በምእመኑ ፊት አቆመኝና፣ ለእኔ ብሎ በአማርኛ፣ መንደራችንን የሚጠብቅ ማሽን ስለሰጠኸን ብሎ ጌታን አመሰገነ። ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ሳለ አሜን አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ስህተት ነው እለው ነበር። አላበቃም። ጋሽ ጴጥሮስ ከሚሸምኑበት ዳስ ጀርባ ሆዱን የገፋ የድንጋይ ካብ ነበር። አንድ ቀን፣ "ልጄ፣ ይሄን ካብ ላፍርስና እንደገና ልካበው?" ብለው ጠየቁኝ። ካቡ አደገኛ እንደነበር አይቻለሁ፤ የተማርኩትም ይህንኑ ማየት ነው። ግን ድንጋይ ሲፈነቀልና ሲወረወር ምዝገባዬን ይረብሽብኛል።

"ይቆይ" አልኳቸው፤ "ሥራዬን እስክጨርስ ይቆይ።"

"እሺ፣ ማሽኑ አለ" ብለው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

መሬቱ የተንቀጠቀጠ ዕለት ከተማ ነበርኩ። ሰው ደንግጦ ከየቤቱ ሲወጣ እኔ መሣሪያዬ ያዘው ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ኦቾሎ ወጣሁ። በሩ ላይ ወይዘሮ ማርታን ሳገኛቸው መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ማሽኑ ደህና ነው?" የሚል ነው። እንደምን አደሩ እንኳ አላልኩም። ካቡ ዳሱ ላይ ተንዶ የጋሽ ጴጥሮስን እግር እንደሰባበረው፣ እሳቸውም ሆስፒታል እንደተኙ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያ እግር የሽመናውን መርገጫ የሚረግጡበት ነው።

ወይዘሮ ማርታ እንዲህ አሉኝ። "ማሽንህ ጠበቀች እኮ። ድንጋዩ እኛ ላይ እስኪወድቅ ጠበቀች።"

መሣሪያው መንገድ ዳር ነበር፤ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። አልጣሉትም፤ ከጓሯቸው አስወጡት እንጂ። እኔ ግን ተከታዮቹን ንዝረቶች ስላልያዘልኝ በገንኩ። ለአማካሪዬ "ከዱኝ" አልኩ። ጥናቴ ላይም መሣሪያው በነዋሪዎች ተነቀለ ብዬ ጻፍኩ። ስለ ካቡ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። በዚያው ተመረቅሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ሽመናውን ትተውታል። አንድ ጊዜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ አየኋቸውና አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። "ልጄ" ብለው ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ። አልዞርኩም።

ማነው ታዲያ ከዳተኛው? ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ነው እንዳልል፣ የትኛውን እንደሰሙ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። አላወቅኩም እንዳልል፣ ካቡን አውቀው ነበር። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ካቡ የወደቀው እናንተ ላይ አይደለም። ይቅርታዬን ይዤ ኦቾሎ መውጣት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ አልወጣሁም።